የላውንደሪው መኪና ቀኝ እግር

የላውንደሪው መኪና ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ገና ከመታጠፊያው ማዶ ሳለ አወቅሁት። ድምፁ ቀድሞት ነው የሚገባው። ጣሳ ውስጥ የተዘጋበት ንብ ይመስላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይጎረንናል፣ ሲቀንስ ይሰልላል፣ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ደግሞ ያማርራል። ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ቀኝ ላይ ስለሚያርፍ የሚያለቅሰው ቀኙ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ማሰብ ይበቃል። እኛ ጋራዥ ግን መካኒክ ነው የሞላው።

«የኋላ ቀኝ እግር» አልኩ፣ እጄን ከናፍጣው ገንዳ ሳላወጣ።

አባቴ ከሌላ መኪና ሥር ራሱን አውጥቶ አየኝ። መላጣው ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ቁጭ ብላለች። ምን ይበል? ያንን እግር ሦስት ጊዜ የፈታውም ያሰረውም እሱ ነው።

ላልገባው ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ፣ ታገሡኝ። ጎማ መኪና ላይ እንዲሁ አይንጠለጠልም። መሃሉ ላይ ሞዞ የምንለው፣ እንደ እንብርት ያለ ከባድ ብረት አለ፤ ጎማው የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ሞዞው ደግሞ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል። ኩሽኔታ ማለት ቀለበት ውስጥ ክብ ሠርተው የተደረደሩ፣ ጣት የማያክሉ የብረት በርሜሎች ናቸው። በርሜሎቹ ግራሶ ውስጥ ይዋኛሉ። ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውሃና አቧራ እንዳይገባ፣ በስተጀርባ አንድ የጎማ ቀለበት ይዘጋዋል። ይኸው ነው። በሁለት እጅ በሚታቀፍ ዕቃ ላይ የስንት ሰው ነፍስ ይሄዳል። በደንብ ከተያዘ ዓመታት ያገለግላል። የላውንደሪው መኪና የኋላ ቀኝ እግር ግን በየሦስት ወሩ ኩሽኔታ ይበላል። ግራው አይበላም። ቀኙ ብቻ።

ሁሉም ሰው ምክንያት ነበረው። ጎሚስታው «ጭነት ነው» ይላል፤ ጭነቱ አንሶላና ፎጣ ነው። ኤሌክትሪሻኑ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ሦስቱም የተገዙት ከሦስት የተለያየ ሱቅ ነው። የበሩ ዘበኛ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት «ዓይን ነው፤ ሰው አይቶባቸው ነው» ብሎ ነበር። እሺ፣ ዓይን ነው እንበል። አንድ እግር ብቻ መርጦ የሚበላ ምን ዓይነት ዓይን ነው?

የዚያን ቀን ግን ከመኪናው ጋር የላውንደሪዋ ባለቤት ራሷ መጣች። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ከሾፌሩ ቀድማ ወረደች፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ቀጥታ ወደ ባለ ጋራዡ ሄደች።

«ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ጨሰ» አለችው። «ሾፌሬ ጎማው ሳይወልቅ ቆመ። ሁልጊዜ አይቆምም። ወይ ምክንያቱን ንገሩኝ፣ ወይ ሌላ ቦታ ልውሰደው።»

ባለ ጋራዡ፣ አለቃ የምንላቸው፣ ከአባቴ ጋር በልጅነታቸው ከአንድ መኪና ሥር ተኝተው ሙያ የለመዱ ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም። እትዬን ወንበር ሰጥተው አስቀመጡና አባቴን ወደ ጥግ ወሰዱት። ጥጉ የኔ ገንዳ ያለበት ነው። ስለዚህ አላዳመጥኩም፤ ሰማሁ።

«ስማ ወንድሜ» አሉት። «ሦስት ጊዜ አሰርከው። እጅ ያረጃል፤ ነውር አይደለም፣ የኔም እያረጀ ነው። ዘበኛው ከወጣ ሳምንቱ። በሩ ላይ ወንበር አለ፣ ጥላ አለ። እስከ አርብ ምክንያቱ ከተገኘ ተገኘ። ካልተገኘ ግን አንተ ወደ በሩ።»

«እሺ» አለ አባቴ።

አባቴ «እሺ» ሲል ፊቱ አይለወጥም። ጆሮው ነው የሚቀላው።

ሰዎች ቅጽል ስም ሲያወጡለት «ጆሮ» ብለውታል፤ መኪና በር ላይ ሳይደርስ በሽታውን ስለሚናገር። እውነቱን ግን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሚሰማው በጣቱ ነው። መኪናውን በክሪክ ያነሳና ሁለት ጣቱን ከጎማው በላይ ያለው ስፕሪንግ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በሌላ እጁ ጎማውን ያሽከረክራል። የታመመ ኩሽኔታ ስፕሪንጉን እንደ ጉንፋን ደረት ያንኮራኩረዋል። ጤነኛው ዝም ይላል። ይህን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ «ማነህ? ወዴት ነህ?» እያለ እንዲውል ማድረግ ለኔ የሚዋጥ አልነበረም።

ልዋሽ አልችልም ግን። ባለፈው ወር ሻይ ይዞ ሲመጣ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲንሾካሾክ ሰምቻለሁ። «እጁ ቢሆንስ?» የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ሞዞ ሲታሰር የሚይዘው ብሎን፣ ዳዶው፣ ጥቂት ከጠበቀ ኩሽኔታው ይነድዳል፣ ጥቂት ከላላ ይንገጫገጫል። መሃሉ ላይ ያለው ቦታ የፀጉር ውፍረት ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ፀጉር አይለካም።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ መካኒክነት አልተማርኩም። መጽሐፍ ነው ያስተማረኝ። ከተጣለ መኪና ኮፈን ውስጥ ያገኘሁት ነው፤ ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች የሉትም። ስለዚህ ዕውቀቴ የሚጀምረው ከገጽ አርባ አንድ ነው። መኪና እንዴት እንደሚነሳ አላነበብኩም፤ ለምን እንደሚቆም ግን ከዚህ ጋራዥ ሰው ሁሉ በላይ አውቃለሁ። ሥራዬ ግን ዕቃ ማጠብ ነው። አለቃ የማይሻር ሕግ አላቸው፦ ያልታጠበ ዕቃ ጠረጴዛቸው ላይ አይወጣም። የተፈታ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ወደ ገንዳዬ ይመጣል፣ በናፍጣና በብሩሽ እፈገፍገዋለሁ፣ እንደ ሙሽራ አሳምሬ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ወንዶቹ ከበው ያዩታል።

የዚያኑ ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ አባቴ የቀኙን እግር ፈትቶ ሞዞውን በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣልኝ።

«እጠቢው» አለ።

ልቀበለው እጄን ዘረጋሁና ቆምኩ። አንድ ነገር ጭንቅላቴን ኮረኮረኝ።

«አላጥብም።»

«ምን አልሽ?»

«ሌባ የገባበትን ቤት፣ ማንም ዱካውን ሳያይ ቀድማ ወለሉን የምትወለውል ሴት ምን ትባላለች?»

«ባለሙያ» አለ አባቴ።

«የሌባው ግብረ አበር ነው የምትባለው። ሦስት ጊዜ ግብረ አበር ሆኛለሁ፤ ይበቃኛል። ይህ ነገር እንደ ቆሸሸ ይቀመጥ።» ሞዞውን ተቀብዬ ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት። «መጀመሪያ ደግሞ ግራውን ፍታልኝ።»

«ግራው ምን ሆነ?»

«ምንም ስላልሆነ ነው።»

ከዚያ ክሪኩን ጎትቶ ወደ ግራ ሄደ። ግራውን ለመጨረሻ ጊዜ ያሰረው እሱ ነው፤ ቀኙ የመጀመሪያ ጊዜ በተበላ ቀን፣ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ያው ሰው፣ ያው ቁልፍ፣ ያው ቀን። ሲከፈት ግራሶው የማር መልክ ነበረው። በርሜሎቹን በጨርቅ ጠረግኋቸው፤ ፊቴን አሳዩኝ። ከመፈታቱ በፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዝውዤው ነበር፤ አልተንገጫገጨም። በጣቴ ሲገፋ ደግሞ ያለ ድካም ዞሯል። ዳዶው የቆመው የዚያችው ፀጉር ውፍረት ላይ ነው።

ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ ሄደ።

«እጄን ነው የምትመረምሪው?» አለ አባቴ ከጀርባዬ።

«ኩሽኔታውን ነው።»

«ውሸታም።»

ወደ ካርቶኑ ተመለስኩ፣ የቀኙን ሞዞ ገልብጬ ተንበረከክሁ። በውጭ በኩል ያለው ኩሽኔታ ጠቁሯል፣ ነድዷል፤ እሱ የሚናገረው የለም፣ ሬሳ ነው። በጀርባ በኩል፣ ከጎማ ቀለበቱ አጠገብ ያለው ግን ገና አልነደደም። እዚያ ያለው ግራሶ ማር አይመስልም። አመድ የተቀላቀለበት ወተት ይመስላል። በጣቴ አነሳሁት፤ አይለጠፍም፣ ይንሸራተታል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

አንሶላ ሸተተኝ። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ የታጠፈ አንሶላ።

የራሴን ልብስ አሸተትኩ፤ ናፍጣ ነው። እጄን አሸተትኩ፤ ናፍጣ ነው። እንደገና ግራሶውን አሸተትኩ። ከዚያ ከጆጉ ሁለት ጠብታ ውሃ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ያንን ቅባት አሸሁት። አረፋ ወጣ። ነጭ፣ ትንንሽ ዓይን ያለው፣ የማያሻማ አረፋ።

«አባዬ፣ ና አሽትት።»

«እኔ ከቤንዚን ሌላ ሽታ ካወቅሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው።»

«እሺ እየው።»

መዳፌን አየ። ጣቱን አስገብቶ አሸው። ጆሮው ከጠዋት ጀምሮ እንደቀላ ነበር፤ አሁን ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ሲመለስ አየሁት።

«ሳሙና» አለ። «ሳሙና እዚህ ምን ሊሠራ ገባ?»

ይህን ጥያቄ እንደ ከረሜላ ነው አፌ ውስጥ ይዤው ያደርኩት። መኪናው ውስጥ የሚጫነው ልብስ ሲሄድም ሲመጣም ደረቅ ነው። ከመኪናው ሆድ ሳሙና አይንጠባጠብም። ቢንጠባጠብ እንኳ ዝናብ የማያልፈውን ቀለበት ምን ሆኖ ያልፋል? ለምንስ በቀኝ ብቻ? ብዙ ነገር አስቤ መልስ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ይህን ሽታ በናፍጣ አጥቤ መድፋቴ ደግሞ አንገበገበኝ። አለቃን መስደብ አማረኝ፤ ግን ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት አዲስ ኩሽኔታ ገብቶለት መኪናው ሥራ ሲጀምር እኔም ከሾፌሩ ጎን ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሾፌሩን ጀት ይሉታል። ከሠላሳ በላይ ነድቶ አያውቅም።

«መጽሐፍሽን ይዘሽ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

«እየነዳሁ ነው።»

«ይቅርታ፣ የቆምን መስሎኝ ነው።»

«ሳቂ» አለኝ። «የቸኮለ ሁሉ መጨረሻው እናንተ ጋ ነው።»

ዙሩ ቀላል ነው። ኮረብታው ላይ ሁለት ሆቴልና አንድ ክሊኒክ አለ፤ ንጹሕ እናደርሳለን፣ ያደፈ እንረከባለን፣ ከዚያ በረጅሙ ቁልቁለት ወደ ላውንደሪው ጀርባ እንወርዳለን። ጀት ቁልቁለቱን የወረደው እግሩን ከፍሬን ላይ አንዴም ሳያነሳ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ።

«ፍሬኑ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትረግጠው?»

«የኔ ፍጥነት ሠላሳ ነው። ቁልቁለቱ ይህን አያውቅም፤ መንገር አለብኝ።»

«በማርሽ ንገረዋ።»

«ማርሽ ይጮሃል። እትዬ ጩኸት አይወዱም።»

ይህን መዘገብኩ። ፍሬኑ ከሞዞው ጋር ነው የሚዞረው፤ ፍሬን ሲግል ሞዞው ይግላል። ግን ፍሬን በግራም በቀኝም አለ። ታዲያ ግራው ለምን አይሞትም?

«ሌላ የምታስተውለው ነገር አለ? ትንሽም ቢሆን።»

ጀት አሰበ። ሲያስብም በሠላሳ ነው።

«አንድ ነገር አለ። ላውንደሪው ጀርባ ቆሜ ስነሳ ፍሬኑ መጀመሪያ ስረግጠው ያንቀላፋል። ሁለተኛው ላይ ይነቃል።»

«ይህን ለማን ተናግረሃል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የላውንደሪው ጀርባ ጠባብ፣ ወደ ታች ያዘቀዘቀ መንገድ ነው። በቀኝ በኩል ከግንቡ ሥር የሲሚንቶ ቦይ አለ፤ ወርዱ ከጎማ ጥቂት ይሰፋል። ጀት መሪውን ጠመዘዘ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ተመለሰ፣ ከዚያ እንደ ልጅ አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ሰው ተጠንቅቆ የኋላ ቀኙን ጎማ ቦዩ ውስጥ ጠብ አደረገው። መኪናው እንደ ደከመው መንገደኛ በአንድ ጎኑ ተደገፈ። ከኋላችን የልብሱ ጥቅል ሁሉ ወደ ቀኝ ተንከባለለ።

«ደረስን» አለና እጁን አራገፈ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታቆመው?»

«በየቀኑ። አንድ ቀን ስቼ አላውቅም።»

ወረድኩ። የእጄን ጀርባ ወደ ሞዞው አስጠጋሁ፤ ሳይነካኝ መለሰኝ፣ ምጣድ ነው። ቦዩ ደረቅ ነበር። ጠርዙ ላይ የደረቀ ነጭ ቅርፊት አለ። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ሳሙና። ጀት ጥቅሎቹን ተሸክሞ ገባ፣ «ሻይ አትጠጪም?» አለኝ፣ እጄን አወዛወዝኩለት። ግንቡ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ ቆምኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር፤ ግን መጠበቅ እንዳለብኝ አውቅ ነበር።

ከግንቡ ውስጥ ትልልቆቹ ማጠቢያ ማሽኖች ሲያጉረመርሙ ይሰማል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጉርምርምታው ቆመ። የሆነ ነገር ቀጭን ድምፅ አሰማ። ከዚያ ከኔ ከፍ ብሎ ግንቡ ውስጥ የተቀበረው ወፍራም ቱቦ ጉሮሮውን ጠረገና ማሽኖቹ የጠጡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀው።

አረፋ የተሸከመው ውሃ ቦዩን ይዞ ወረደ፣ ጎማው ላይ ደረሰ፣ ቆመ። መሄጃ የለውም። ጎማው ቦዩን እንደ ቡሽ ደፍኖታል። ውሃው ጎማው ጋ መከማቸት ጀመረ፤ ቸርኬውን ዋጠ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዋጠ፣ ሞዞው ላይ ደረሰ። ጭስስስ አለ። እንፋሎት ወጣ። ጥቂት ጊዜ ከጀርባው በኩል ትንንሽ አረፋ ሲፈላ ታየ፣ ከዚያ ፀጥ አለ።

ተንበርክኬ ነበር፤ ቀሚሴ መርጠቡን ያወቅሁት በኋላ ነው። የጋለ ነገር ውስጥ ያለ አየር የተነፋ ነው። ድንገት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ካገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይስባል። ያ ሞዞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው። ዝናብ የማያልፈውን ቀለበት ሳሙናው አልፎ የገባው በጉልበቱ አይደለም፤ ተጠርቶ ነው። ግራው ግን መንገዱ ላይ ቆሞ በሰላም ይቀዘቅዛል። የጀት ፍሬን የሚያንቀላፋውም ረጥቦ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉታል፤ ይኸኛው በየቀኑ፣ በአረፋ እያሳሳቀ ነው የወሰደው።

ውሃው በጎማውና በቦዩ ግድግዳ መሃል እየሾለከ ቀስ ብሎ አለቀ። ጀት አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ሲመለስ ቦዩ ባዶ ነበር። ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ያችን ሩብ ሰዓት እዚያ ቆሞ አያውቅም።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሰው ባያየኝ እጨፍር ነበር።

«ጀት» አልኩት። «ይህን ቦይ ማን አሳየህ? እዚህ አቁም ያለህ ማን ነው?»

«ጋሼ ናቸዋ።»

«የቱ ጋሼ?»

«ያንቺ አባት ናቸዋ። አምና የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተበጥሶ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ‹እንዳይንሸራተትብህ የኋላ ቀኙን ቦይ ውስጥ አስገባው፣ ከእጅ ፍሬን ይሻላል› አሉኝ። እውነትም ተንሸራቶ አያውቅም።»

«የእጅ ፍሬኑ እኮ በሳምንቱ ተሠርቷል።»

«ተሠርቷል። ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ግን አሁን ተው አላሉኝም።» ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጠፋሁ እንዴ?»

የሌባውን ዱካ ተከትዬ ተከትዬ ከቤቴ በር ላይ ደረስኩ። እጁን አድኜዋለሁ ስል አፉ ተያዘብኝ። አለቃ ይህን ቢሰሙ በሩ ላይ ያለው ወንበር ነገውኑ ይጠረጋል።

«አላጠፋህም» አልኩት በመጨረሻ። «ነገ ብትጠየቅ ግን ልማድ ነው በል።»

«ውሸት ልታስተምሪኝ ነው?»

«ዝም በል ነው ያልኩህ።»

«ዝምስ እሺ» አለ ጀት። «ዝም አይነቅዝም።»

ማምሻውን ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ዳቦ ቤቱ ጥግ ስንደርስ «አገኘሽው?» አለ።

«አገኘሁት።»

«ምንድን ነው?»

«ነገ ከሰው ጋር ትሰማለህ።»

«አቤት ኩራት» አለ። ፈገግ ብሏል። እኔ ግን ያን ማታ ፊቱን በደንብ ማየት አልቻልኩም።

አርብ ጠዋት አለቃ፣ እትዬ፣ ጀት፣ አባቴ፣ ማንም ያልጠራው ጎሚስታ ደግሞ ተጨምሮ ገንዳዬን ከበቡ። እዚህ በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያ ጥግ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። ከጀርባ በኩል የወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ ከነቆሻሻው አሳየኋቸው፣ እትዬን አስሸተትኳት።

«አሪየል ነው ኦሞ?» አለ ጎሚስታው።

«አንተ ብታሸተውም አታውቀውም» አልኩት። እትዬ ሳቀች።

ከዚያ ባዶ ጠርሙስ በፈላ ውሃ አጥቤ አጋልሁት፣ በጨርቅ ይዤ አፉን ወደ ታች ገልብጬ አንጠፈጠፍኩት፣ አረፋ ያለበት ሳህን ውስጥ አቆምኩት። «እዩት ብቻ» አልኩ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ጎሚስታው አዛጋ። ከዚያ ውሃው በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ በጠርሙሱ አንገት ሽቅብ መውጣት ጀመረ።

«ጠጣው» አለች እትዬ፣ አጎንብሳ።

«ጠጣው። የመኪናዎም ሞዞ በየቀኑ እንዲህ ነው የሚጠጣው።» ቁልቁለቱን ነገርኳቸው፣ ቦዩን ነገርኳቸው፣ ቱቦውን፣ ጭስስታውን፣ ሁሉንም።

«ታዲያ መኪናዬን የሚበላው የራሴው ሳሙና ነው?»

«ሳሙናዎ ጥሩ ነው እትዬ። ቅባት የሚባል አይተርፈውም።»

ቅር ሊላት ወይ ደስ ሊላት ለመወሰን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ደስ አላት።

«እጁም ደህና ነው» አልኩ ወደ አለቃ ዞሬ። «ግራውን ያሰረው ያው እጅ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ፀጉር አልሳተም። ከፈለጉ ከግራው የጠረግሁት ግራሶ ጨርቁ ላይ አለ፣ ይዩት።»

አለቃ ሄደው አዩት። ተመልሰው መጡ። «ጥሩ» አሉ። «በጣም ጥሩ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሙሉ መንገድ እያለ ጎማውን ቦይ ውስጥ ክተት ብሎ ይህን ልጅ የመከረው ሊቅ ማነው?»

ጀት ጫማውን አየ። እኔ አፌን ከፈትኩ።

«ልማድ ነው» አልኩ። «ሾፌሮች አንዴ ከለመዱ...»

«ልማድ አይደለም» አለ አባቴ።

አሁን ሳየው ጆሮው እንደ ፍም ሆኗል። ጠርሙሱን እንጂ እሱን አላየሁም ነበር።

«እኔ ነኝ። አምና የእጅ ፍሬኑ ሲበጠስ ነው። ቦይ ውስጥ አስገባው አልኩት። ገመዱን ስቀይር ‹አሁን ተው› ማለት ረሳሁ። ልጁ ታዛዥ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እጄ አልሳተም። አፌ ነው የሳተው።»

ጀት አንገቱን ሰበረ። በሩ ላይ ያለው ባዶ ወንበር ከዚያ ይታያል፤ ሁላችንም እንዳናየው ሌላ ሌላ ቦታ እናያለን። አለቃ አባቴን አዩት። ዓይናቸው ከጆሮው ወጣ፣ መላጣው ላይ አረፈ።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል» አሉ። «አንተ ግን ሁለቱንም በአንዴ ነው ያስኬድካቸው።»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ናት። ከዚያ ጎሚስታው። አባቴ መጨረሻ ላይ ሳቀ፣ እጁን መላጣው ላይ አድርጎ።

«ይህን አፍ በር ላይ ባስቀምጠው» ቀጠሉ አለቃ፣ «ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የት ማቆም እንዳለበት ይመክርልኛል። መኪናው ሁሉ ቦይ ውስጥ ያልቃል። ይቅርብኝ። ቁልፍህን ያዝ፣ አፍህን ግን እኔን ሳታስፈቅድ እንዳትከፍት። ዘበኛ እፈልጋለሁ።» ወደ ኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ ከመታጠቡ በፊት መጀመሪያ አንቺ ታይዋለሽ።»

«አሸተዋለሁም።»

«አሽትቺው።»

ጀት ያን ቀን ከቁራጭ እንጨት ሁለት ታኮ ተሠርቶለት ተሰጠው፤ መንገዱ ላይ አቁሞ ከጎማው ሥር እንዲያስገባ። «እስከ መቼ?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ አለቃን አየ፣ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁለት፣ ከዚያ «ተው እስክልህ» አለው።

ሐሙስ ቦይ ውስጥ የገባው አዲሱ ኩሽኔታ አንድ ቀን ቢጠጣም ጠጥቷልና እንደገና ፈታነው። አጠብኩት፤ አሁን ማጠብ ተገቢ ነው። አደረቅሁት፣ ግራሶውን በመዳፌ ላይ አድርጌ በየበርሜሎቹ መሃል እስኪጠግቡ ድረስ ገፋሁት፣ አዲስ ቀለበት አስገባን። ዳዶው ላይ ስንደርስ አባቴ ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት» አልኩት። «እስኪከብድ ማጥበቅ፣ ጎማውን ማዞር፣ ማላቀቅ፣ ከዚያ በጣት ብቻ መመለስ።»

«አሳዪኝ እንግዲህ።»

አሳየሁት። መጽሐፉ የማይለው ነገር አለ፤ ቁልፉ መዳፍ ውስጥ «እዚህ ጋ» የሚልበት ቦታ። ሁለት ጊዜ አለፍኩት። ሁለት ጊዜ ቁልፉን በጣቱ መለሰው። በሦስተኛው ተወኝ።

«ልትደብቂልኝ ነበር» አለ፣ ዳዶውን የሚቆልፈውን ፒን እያጠፈ።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው።»

ሁለት ጣቴን ይዞ ስፕሪንጉ ላይ አሳረፈልኝና ጎማውን አሽከረከረው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ምን ይላል?»

ጠበቅሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሌላ ምንም።

«ምንም አይልም።»

«ዝምታ የሚያምረው ለኩሽኔታ ነው» አለ አባቴ። «ለኛማ ይነቅዛል።»

ጀት ሞተሩን አስነሳ፣ ታኮዎቹን መቀመጫው ላይ እንደ ተሳፋሪ አስቀምጦ በሠላሳ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ጆሮዬን ሰጠሁት። ከጥጉ ማዶ መሄዱን ያወቅሁት በዓይኔ ብቻ ነው።